ሽማግሌ የተላከበት ግድግዳ

የመሣሪያ ቀበቶዬን ጋራዥ ውስጥ ካለው ሚስማር ላይ ከሰቀልኩት ወራት አለፉ። ትከሻዬን የሚያየው ሐኪም መሰላል መውጣቱን ተዪ እያለ ሲለምነኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ «አንድ ግድግዳ ይቀረኛል» እያልኩ አባበልኩት። ልጆቼ እልኸኛ ይሉኛል። እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም። እልኸኛ ያልሆነ ሰው በዚህ አገር የነሐሴ ፀሐይ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ የሰው ቤት ሲያለብስ አይውልም። ግን «አንድ ግድግዳ» ስል ለማለት ያህል አልነበረም። የማን ቤት እንደሆነ ባላውቅም አንድ ቀን እንደሚመጣብኝ አውቅ ነበር።

ሥራዬ ሳይዲንግ ነበር። ለማያውቀው ልንገረው። እዚህ አገር አብዛኛው ቤት የእንጨት ነው። በእንጨቱ ላይ ኮምፔንሳቶ ይመታል፣ በኮምፔንሳቶው ላይ ውሃ የማያሳልፍ ነጭ መጠቅለያ ይወጠራል፣ ከሁሉ በላይ ከመንገድ የሚታየው ረጃጅም የቪኒል ልባስ ይሰቀላል። ሳይዲንግ እሱ ነው። ሰው ቤት ሲገዛ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ዞሮ ዞሮ ያያል፤ ልባሱን የሚያየው ነፋስ የወሰደበት ቀን ነው። ነፋስ ደግሞ እኛ ዘንድ አይጠፋም። ከባሕሩ የተነሣው ማዕበል ወንዙን ይዞ ሽቅብ ይመጣና አሌክሳንድሪያ የምትባለውን የወንዝ ዳር ከተማ ይመታል፤ እኔ ወዳለሁበት ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ዛፍ ይጥላል፣ መብራት ያጠፋል። በማግስቱ ስልኬ አያርፍም ነበር።

አዲስ አበባ ሳለሁ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ መጀመሪያ የሆቴል አንሶላ አጠብኩ፤ ከዚያ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ትኬት ቆረጥኩ። ፀሐይ ሳያዩ መዋል መርሮኝ ሳለ አንድ ቀን መሰላል የጫነች ቫን ጣሪያው ዝቅ ብሎባት መግቢያው ላይ ተሰክታ ቀረች። ወደፊት አትሄድም፣ ወደኋላ አትሄድም። ከኋላዋ የተሰለፈው ሹፌር ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። የቫኗ ሹፌር ወፍራም ጢም ያላቸው ያገሬ ሰው ናቸው፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ጋሼ፣ የጎማውን ነፋስ ትንሽ ያውጡት፤ ትወርድልዎታለች» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ያልኳቸውን አደረጉ። ቫኗ ዝቅ አለችና ወጣች። «አንቺ ልጅ፣ አገር ቤት ምን ትሠሪ ነበር?» አሉኝ።

«ልብስ ሰፊ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ባልደረባዬ ነሽ። እኔም አልባሽ ነኝ፤ ደንበኞቼ ግን ለልክ አይመጡም፣ እኔው ነኝ የምሄድላቸው።»

ጋሽ ወንድይፍራው እንዲህ ነው የተገናኘን። በሳምንቱ ነይ ከእኔ ጋር ሥሪ ብለው በስልክ ኮል አደረጉልኝ፤ እኔም ፓርኪንጉን ለቀቅኩ። ክፍያው በበጋ ደህና ነው፣ ብርድ ሲገባ ይመናመናል፤ ስለ ገንዘቡ ይኸው ይበቃል። ሴት መሰላል ላይ ስታይ አፏን የምትይዝ ጎረቤት አልጠፋችም። ባሌም መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ የገዛ ቤታችንን ሳለብሰው ኩርፊያው ለቀቀው።

መጀመሪያ የሠራሁትን ግድግዳ አልረሳውም። ሥራዬ ጥሩ እንዲባል ብዬ እያንዳንዱን ሚስማር እስከ አንገቱ መታሁት፤ ልባሱ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። እኛ እንዲህ ነን፤ ጥብቅ ያለ ነገር ጠንካራ ይመስለናል። ጋሽ ወንድይፍራው መጡና መዳፋቸውን ልባሱ ላይ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ገፋ አደረጉት። አልነቃነቅ አላቸው።

«ልክክ ያለ ጠባብ ቀሚስ ሰፍተሽ ብታለብሻትና ቁጭ ብትል ምን ይሆናል?»

«ይተረተራል» አልኩ።

«ይኸም ቁጭ ይላል፣ ይነሣል። በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። ሳይዲንግ አይመታም፣ ይሰቀላል። በሚስማሩ አናትና በልባሱ መካከል አንድ የገንዘብ ሳንቲም ማለፍ አለበት። በይ ንቀይው።»

ያን ቀን የሰቀልኩትን ሁሉ ነቀልኩ። በልቤ ሰደብኳቸው፤ እጄ ግን ተማረ። ከዚያ ወዲህ ሰቅዬ በጨረስኩ ቁጥር መዳፌን አሳርፌ ገፋ አደርገዋለሁ። ከሄደና ከተመለሰ እሳቸው «ይተነፍሳል» ይሉ ነበር፤ እኔም እንዲሁ ማለት ለመድኩ።

ጋሽ ወንድይፍራው ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው ካቻቪቴያቸው ነው። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚይዝበት የደረት ኪስ እሳቸው ካቻቪቴ ይይዛሉ። አሮጌው ልባስ ተነቅሎ ግድግዳው ራቁቱን ሲቆም በየመስኮቱ ሥር፣ በየማዕዘኑ፣ ቧንቧ በሚገባበት ሁሉ እንጨቱን በጫፉ ይወጉታል። ከመለሰው ደህና ነው፤ ከገባ በስብሷል። የበሰበሰ እንጨት ሚስማር አይይዝም። ሰው ደግሞ ነፋስ ግድግዳ የሚገፋ ይመስለዋል እንጂ ነፋስ ይስባል፤ በማዕዘኑ በኩል ሲያልፍ ልባሱን እንደ ሌባ ነው የሚጎትተው። «ግድግዳ ራቁቱን ሳይታይ ልብስ አይለብስም» ይሉ ነበር።

ሁለተኛው ልማዳቸው የባሰ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሳቸው ወደ ሠሩት ቤት ይሄዳሉ። ቫናቸውን ፊት ለፊት አቁመው ውሃው በየት ወርዶ በየት እንደሚወጣ ያያሉ። ውሃ መግባቱን አይፈሩም። «ውሃ መግቢያ አያጣም፤ አንቺ መውጫውን አትድፈኚበት» ይላሉ። ስንት ሰው ነው መስኮቱ ግርጌ ያለውን ክፍተት አይቶ፣ ጠንቃቃ የሆነ መስሎት በሲሊኮን የሚደፍነው! የገባው ውሃ እዚያው ታስሮ ይቀርና እንጨቱን ይበላዋል።

የወይዘሮ ጽጌ ግድግዳም የተበላው በዚሁ ነበር።

ቤታቸው አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ አጠገብ ነው። ከእሳቸው ጋር አማታቸው እማማ ብርቄ ይኖሩ ነበር፤ ወደ ወንዙ የሚያየው የማዕዘን ክፍል የእማማ ነው። በመስኮታቸው ሥር ጎመንና ጤና አዳም ተክለዋል። መሰላላችንን ስናቆም «ጎመኔን እንዳትረግጡ!» ብለው ይቆጡናል፤ ተቆጥተው ሳይጨርሱ በዚያው መስኮት ዳቦ ያቀብሉናል። ሥራው የተጀመረው ወይዘሮ ጽጌ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ በአዳራሽ፣ መልሱ እሑድ በግቢያቸው ድንኳን ተጥሎ።

አሮጌውን ልባስ አውርደን ጋሽ ወንድይፍራው በእማማ መስኮት ሥር ወጋ ቢያደርጉ ካቻቪቴው ገባ። ወደ ማዕዘኑ ሄደው ወጉ፤ እዚያም ገባ። እንጨቱ እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል። መቁረጥ፣ ማድረቅ፣ አዲስ እንጨት መትከል፣ መስኮት ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ለእሑድ በፍጹም አይደርስም። ጋሽ ወንድይፍራው ይህን ለወይዘሮ ጽጌ ነገሯቸውና «ለጊዜው በነጩ መጠቅለያ እንጠቅልለውና እንዲሁ ደግሱ» አሏቸው።

«ቪዲዮ የሚቀረጽ ድግስ እኮ ነው! ከስፕሪንግፊልድ፣ ከስካይላይን፣ ከየቱ አገር ዘመድ ይመጣል። እባክዎ ጋሼ፣ ገበናዬን ሸፍኑልኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጋሽ ወንድይፍራው አይሆንም አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስፕሪንግፊልድ ጋሽ ወንድይፍራው ቤት ዕቃ እያወረድን ሳለ ሽማግሌዎች መጡ። ይህን የሌላ አገር ሰው ቢሰማው አያምነኝም። ለጋብቻና ለዕርቅ የሚላክ ሽማግሌ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ የነፍስ አባት አስከትሎ፣ ስለ ግድግዳ ሊለምን መጣ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ደንግጠው።

«ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም» አሉ መሪው ሽማግሌ። «የመጣነው ስለ አንዲት እናት ክብር ነው። ልጅ ድራ፣ ዘመድ ጠርታ፣ ቤቷ እንደተገፈፈ በግ ቆሞ እንግዳ ትቀበል? ለጊዜው አልብሱላት። ከመልሱ በኋላ ራሷ ትጠራችኋለች፤ እኛ ዋስ ነን።»

እኔ አላስቻለኝም። «አባቶቼ፣ እንጨቱ በስብሷል። ሚስማሩን የሚይዘው ነገር የለም» አልኩ።

«ልጄ፣ እኛ ሚስማር ልንቆጥር አልመጣንም» አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን በአባትነት።

ጋሽ ወንድይፍራው ወለሉን ያያሉ። ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ቆመዋል፤ አንደኛው በከዘራ ተደግፈው እግራቸው ይንቀጠቀጣል። አገራችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላል፤ እኛ ግን እርጥቡን ልንሸፍነው ነው። በመጨረሻ ጋሽ ወንድይፍራው «እሺ፣ ቁጭ በሉ» አሉ።

አለበስነው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። በመልሱ ቀን ሰው በዚያ ግድግዳ ፊት ሲጨፍር ዋለ፤ እማማ ብርቄ ሳይቀሩ እስክስታ መቱ። ከዚያ በኋላ ግን የጠራን የለም። እኔ ኮል ሳደርግ ወይዘሮ ጽጌ «ትንሽ ልረፍበት አስካለ፣ ደግሞስ ምን ሆነ? እንዲህ አምሮ!» ይሉኛል። ጋሽ ወንድይፍራው ራሳቸው ሄደው አጥብቀው እንዲነግሯቸው ብወተውታቸው «ሥራ ፈልጎ ነው ይሉኛል» ብለው ተሸማቀቁ። ሽማግሌዎቹም ዋስ መሆናቸውን ረሱት። የሁሉንም አፍ ይሉኝታ ዘጋው።

መከር ሲገባ ማዕበሉ መጣ። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቅዳሴ ሄዷል። ነፋሱ የማዕዘኑን ልባስ ሳበው፤ የበሰበሰው እንጨት ተከትሎት ሄደ፤ መስኮቱም ወደ ውስጥ ወድቆ በእማማ አልጋ ላይ ተከሰከሰ። ዝናቡ ክፍሉን ሞላው።

ስንደርስ ልባሱ ጎመኑ ላይ ተጋድሟል። ሚስማሮቹ እንደተሰኩበት አሉ፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ አንድም የተጣመመ የለም። የያዛቸው ነገር ስላልነበረ ያለ ትግል ወጥተዋል። ጋሽ ወንድይፍራው ጎንበስ ብለው አንዱን በጣታቸው ነካ አደረጉትና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። እማማ ብርቄ መጥተው ትከሻቸውን ያዙ።

«አይዞህ ልጄ፣ ነፍስ ተርፏል» አሏቸው።

ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ግድግዳውን ጋሽ ወንድይፍራው ከራሳቸው አውጥተው ሠሩት፤ ብቻቸውን ነው የሠሩት፣ እንጨት እንኳ እንዳቀብላቸው አልፈቀዱልኝም። እማማ ብርቄ ግን ወደዚያ ክፍል አልተመለሱም። ልጆቻቸው ፈሩና ስካይላይን፣ ሌላው ልጃቸው ዘንድ፣ ከፎቅ ላይ ፎቅ ወዳለበት ሕንፃ ወሰዷቸው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከታች የሚያልፈውን አውቶቡስ ያያሉ። «ልጄ፣ እዚህ ጎመን የት ይተከላል?» አሉን። እዚያው አረፉ። እኔ እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከቀብራቸው ስንመለስ ጋሽ ወንድይፍራው ቫኑን መንገድ ዳር አቆሙት። «እኔ እሺ አልኩ፤ እንጨቱ ግን እሺ አላለም» አሉ። ቀጥለውም «አንቺ ዘንድም አንድ ቀን ሽማግሌዎች ይመጣሉ አስካለ። ያን ቀን የምትይውን ዛሬ ተዘጋጂበት» አሉኝ።

እሳቸው ጉልበታቸው ሲደክም እኔ ፈቃድ አውጥቼ፣ የወረቀቱን ጣጣ ጨርሼ የራሴን ቡድን ያዝኩ። ብዙ ቤት አለበስኩ። የበሰበሰ ባገኘሁ ቁጥር አቆማለሁ። ደንበኛ ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ ይላል፤ እኔ እንቢ እላለሁ። ሽማግሌ ግን የላከብኝ አልነበረም፤ አቶ መኮንን እስኪመጡ ድረስ።

የአቶ መኮንን ቤት ከአሌክሳንድሪያ ወደ ታች፣ ወንዙ ሰፍቶ ባሕር ባሕር በሚልበት ነው። ልጃቸው ቤተልሔም ልታገባ ነው፤ መልሱ በግቢያቸው ነው። አሮጌውን ልባስ ነቅዬ ወንዙን በሚያየው መስኮት ሥር ካቻቪቴዬን ሰደድኩ። ገባ። ታሪኩን እየደገምኩ አላሰለቻችሁም፤ እኔም ነጭ መጠቅለያ አልኩ፣ እሳቸውም «ሰው ምን ይለኛል?» አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በከዘራ ተደግፈው ጋሽ ወንድይፍራው። አቶ መኮንን ብልጥ ናቸው። አስካለ ጋሽ ወንድይፍራውን እንቢ አትልም ብለው ነው የላኳቸው።

ገቡ፤ ሳሎኔ ውስጥ ተርታቸውን ቆሙ።

«ቁጭ በሉ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ታላቅ እሳቸው ስለሆኑ ንግግሩ የእሳቸው ነው። ስለ አባት ክብር፣ ስለ ልጅ ወግ፣ ስለ እንግዳ ዓይን አንድም ሳያጎድሉ ተናገሩ። ድምፃቸው ደክሟል። ፊታቸውን አነበብኩ፣ ምንም አልነገረኝም። እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያ የድሮው ሽማግሌ እግር ትዝ አለኝ። ሥራ ያስተማሩኝ፣ ከመሬት በታች ያወጡኝ ሰው ናቸው። እሺ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ካቻቪቴው ገብቷል» አልኩ።

«እስከ የት?»

«እስከ እጀታው።»

ቀጥዬም «ስለዚህ እንቢ ብያለሁ። እግራችሁን ስሜ እንቢ ብያለሁ» አልኩ።

ጋሽ ወንድይፍራው ከዘራቸውን ሶፋው ላይ አስደገፉና ቁጭ አሉ።

ሌሎቹ ክው አሉ። «ጋሼ! እሺ አላለችንም እኮ፤ እንዴት ይቀመጣሉ?»

«ጉዳዬ ሞላ» አሉ። «እኔ የመጣሁት ይህችን ቃል ልሰማ ነው። እኔ የዚያን ጊዜ ያጣኋት ቃል ናት። በሉ ቁጭ በሉ፤ ለመኮንን እኔ እነግረዋለሁ።»

ምን እንዳሏቸው አላውቅም። አቶ መኮንን ግን አኩርፈው ለሁለት ቀን ሰላምታ ነፈጉኝ። የፈታቸው የቤተልሔም ነገር ነው፤ ነጩን ግድግዳ አይታ «ዳዲ፣ ኢትስ ኦኬ! ለፎቶ እኮ ፐርፌክት ነው» አለች። በመልሱ ቀን እውነትም ፎቶ አንሺው ከዚያ ግድግዳ ፊት አልነቀል አለ። አንዳንድ እንግዳ ቤቱ ምን ሆነ ብሎ መንሾካሾኩ አልቀረም። ጋሽ ወንድይፍራው ወንበራቸውን ግድግዳው ሥር አስደርገው ለጠየቃቸው ሁሉ «እየታከመ ነው» ሲሉ ዋሉ።

ከድግሱ በኋላ የበሰበሰውን ቆርጠን፣ አድርቀን፣ አዲስ እንጨት ተከልን። የመስኮቱን ውሃ መላሽ ቆርቆሮ በገዛ እጄ አጥፌ የላይኛውን በታችኛው ላይ ደረብኩ፤ መውጫውን ክፍት ተውኩ። ነፋስ የሚበዛበት ስለሆነ ሚስማሩን ቀረብ ቀረብ አድርጌ መታሁት፤ የሳንቲሟን ክፍተት ግን አልነካኋትም። መዳፌን አሳርፌ ገፋሁት፤ ሄዶ ተመለሰ።

ማዕበሉ ሳይውል ሳያድር መጣ። ነፋሱ ጋብ ሲል መኪናዬን አስነሥቼ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወረድኩ። ስደርስ አንድ መኪና ቀድሞኝ ከቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሐኪም መንዳት የከለከላቸው ጋሽ ወንድይፍራው መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ውሃው በመስኮቱ ራስ ላይ ተከፍሎ በጎንና በጎን ወረደ፤ ከልባሱ ኋላ የገባውም ከግርጌው ጠብ ጠብ እያለ ወጣ።

«የእማማ ብርቄ መስኮት እንዲህ መሆን ነበረበት» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸውም አልቅሰዋል፤ ጢማቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

አቶ መኮንን በመስኮት አይተውን ኖሯል፤ ጃንጥላ ይዘው እየሮጡ መጡና መስታወቱን አንኳኩ። «በዝናብ ምን ታደርጋላችሁ? ግቡና ቁጭ በሉ እንጂ!»

ጋሽ ወንድይፍራው ቤቱን አንዴ ደግመው አዩት። «እንቀመጣለን፤ ጉዳያችን ሞልቷል» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ቀበቶዬን የሰቀልኩት በማግስቱ ነው።